ግማሽ ዲናር፣ አንድ ባሕር፣ ሁለት ዐምሮች

ወረታ የመገንጠያ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር የመጣ መኪና እዚህ ደርሶ ወይ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ወይ ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል። ስለዚህ ርቀት የከተማዋ የዘወትር ወሬ ነው፤ ጎንደር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ባሕር ዳር 60 የማይሞላ። በመናኸሪያው ሲጠራ የማይሰማ አንድ ርቀት ግን አለ፤ የመካ። ካርታ ዘርግቶ ማስመሪያ ለያዘ ሰው፣ ከወረታ እስከ መካ በአየር መስመር 1,080 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ማንንም አያስደነግጥም። ማስመሪያውን ከመካ ወደ ሰሜን ሲያዞሩት ነው ጉዱ የሚመጣው፤ ከመካ እስከ ኢየሩሳሌም ከ1,230 ኪሎ ሜትር በላይ፣ እስከ ደማስቆ ደግሞ 1,380 ገደማ ይሆናል። የመካው ጎሳ የቁረይሽ ነጋዴዎች በየዓመቱ ግመል ጭነው ከሚመላለሱባት ከደማስቆ ይልቅ፣ ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ ለመካ ይቀርባል።

ይህም አልበቃ ብሎ፣ ከመካ እስከ መዲና ያለው ቀጥታ መስመር 338 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከወረታ እስከ አዲስ አበባ ያለው 340 ነው። የእስልምና ዘመን የተቆጠረበት፣ ነቢዩ ሙሐመድ ከትውልድ ከተማቸው የተሰደዱበት መንገድ፣ የወረታ ነጋዴ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ዋና ከተማው ከሚወርድበት ርቀት ጋር በሁለት ኪሎ ሜትር ብቻ ይለያያል ማለት ነው። አክሱም ደግሞ ከወረታ 270 ኪሎ ሜትር ላይ ትገኛለች። እኛ ሩቅ አገር፣ ሩቅ ዘመን የምንለው ታሪክ የተፈጸመው በዚህች ጠባብ ክልል ውስጥ ነው። የተፈጸመውም በሰዎች እግር ነው፤ በተለይም መልእክት ተሸክመው ባሕር በተሻገሩ ጥቂት ልዑካን እግር።

ስለ እነዚህ ሰዎች የምናውቀው ከኢብን ኢስሐቅ፣ ከኢብን ሰዓድ፣ ከአጥ-ጠበሪና ከሐዲስ ጥራዞች ነው። ከእነዚህ ቀዳሚ የሆነው ኢብን ኢስሐቅ የሞተው እ.ኤ.አ. በ767 አካባቢ ስለሆነ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሌላ ካልተባለ በቀር በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከድርጊቱ ጋር የሚለያየው ከመቶ ዓመት በላይ ነው። ስለዚህ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ድፍን ቁጥር ሲያጋጥመኝ እጠረጥራለሁ። ትንንሾቹንና ያልተድበሰበሱትን ግን ማመን ይቀናኛል። ለማጋነን የተነሳ ሰው «11 ወንድና 4 ሴት» ብሎ አይፈጥርም።

ከመካ ሸሽተው ወደ ሐበሻ የተሻገሩት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊም ስደተኞች ቁጥር ይኸው ነው፤ 11 ወንድ፣ 4 ሴት። ዓመቱ 615 ገደማ። ገሚሱ በእግር፣ ገሚሱ በከብት ጀርባ ሆኖ ከመካ ሹልክ ብለው ወጡ። የነቢዩ ልጅ ሩቂያና ባሏ ዑስማን ኢብን ዐፋን ከመካከላቸው ነበሩ፤ ዑስማን ኋላ ሦስተኛው ኸሊፋ የሆነው ነው። ሹዐይባ ከተባለው የባሕር ጠረፍ ሲደርሱ ሁለት የነጋዴ መርከቦች ሊነሱ ሲሉ አገኙና ተሳፈሩ። አሳዳጆቻቸው ሲደርሱ ከጠረፉ ላይ ማንም አልነበረም። ከወረታ መናኸሪያ አንድ ሚኒባስ ሞልቶ የሚወጣው ከዚህ በማይበልጥ ሰው ነው። የእስልምና የመጀመሪያ ስደት፣ ሴቱም ወንዱም ተቆጥሮ፣ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ነበር።

ዋጋውስ? ጠበሪ መርከበኞቹ በግማሽ ዲናር አሻገሯቸው ይላል። በዘመኑ ዐረቦች ዲናር የሚሉት በአብዛኛው የቢዛንታይኑን የወርቅ ገንዘብ ነበር፤ አንዱ 4.5 ግራም ገደማ ይመዝናል። ግማሹ 2.25 ግራም ነው። ለሁሉም በአንድነት የተከፈለ ከሆነ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 0.15 ግራም ወርቅ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ነው የተከፈለው ቢባል እንኳ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ነፍስን ለማዳን የወጣው ወርቅ ከአንድ ቀጭን የጣት ቀለበት አይበልጥም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወደው ስሌት አለ። የ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝብ ቆጠራ 25 ሚሊዮን ሙስሊም መዝግቧል፤ ከሕዝቡ 33.9 በመቶ። ከ15 ሰው ተነስቶ 25 ሚሊዮን! ጥሩ አርእስት ይወጣዋል፤ ግን ስሌቱ አያስኬድም። ከእነዚያ ስደተኞች አብዛኞቹ ተመልሰዋል። በትግራይ ነጋሽ ላይ 15 የሚሆኑ ሰሐቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) እንደተቀበሩ በትውፊት ይነገራል፤ ነጋሽም ከወረታ በአየር መስመር 300 ኪሎ ሜትር ነው። ይሁን እንጂ እስልምና በምሥራቅም በሰሜንም የተስፋፋው ከዚያ በኋላ በነበሩት ብዙ መቶ ዓመታት፣ በንግድ መንገዶች ላይ በነጋዴና በዓሊም ልፋት ነው። የ15ቱ ሰዎች አስደናቂነት የ25 ሚሊዮን ዘር መሆናቸው ላይ አይደለም። እዚህ የደረሱት፣ እምነታቸውን በአደባባይ ጮክ ብለው ሊያሰሙ የሚችሉባት ከተማ በገዛ አገራቸው ሳይኖር መሆኑ ላይ ነው።

መንገዱን እንለካው። ከሹዐይባ ጠረፍ እስከ አክሱም ዋና ወደብ እስከ አዱሊስ ድረስ በባሕር 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፎገራ ዳርቻ ተቀምጦ ጣናን ለሚያይ ሰው፣ ሐይቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ባሕሩን ለመሸፈን ጣናን ሰባት ጊዜ አስረዝሞ መቀጠል ያስፈልጋል። ከአዱሊስ እስከ አክሱም ግን በቀጥታ መስመር 160 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በአንደኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መጽሐፍ ይህችን አጭር መንገድ በስምንት ቀን ይቆጥራታል፤ ሦስት ቀን እስከ ቆሎኤ፣ አምስት ቀን ከዚያ እስከ አክሱም። በቀን 20 ኪሎ ሜትር! ምክንያቱም መንገዱ ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ላይ ነው፤ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ከሒጃዝ ቆላ የመጣ ሰው እዚህ ሲደርስ ብርዱን ሳያማርር አልቀረም።

ነፋሱም የራሱ ሕግ አለው። ከጂዳ አካባቢ ወደ ሰሜን ባለው ቀይ ባሕር ዓመቱን ሙሉ ከሰሜን ይነፍሳል። ወደ ደቡብ ባለው ክፍል ግን በእኛ ክረምት ወራት ከሰሜን፣ በበጋ ደግሞ ከደቡብ ይነፍሳል። ስለዚህ ወደ አክሱም በመርከብ ለመውረድ የሚመቸው ጊዜ፣ በደጋው ዝናብ የሚወርድበትና ወንዝ የሚሞላበት ጊዜ ነው። ርብና ጉማራ ከአፋቸው ወጥተው ፎገራን ሲያጥለቀልቁ ያየ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻውም። ባሕሩ ሲፈቅድ የብሱ ይከለክላል።

መንገዱ ሺህ ዓመት ቆይቶም አልቀለለም። በ1640ዎቹ መጨረሻ የየመን ኢማም ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ የተባለውን ዳኛ ወደ አፄ ፋሲለደስ ላከው። አል-ሐይሚ በበይሉል ወደብ ወርዶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ጎንደር ገባ፤ ያየውንም ጽፎ አኑሮልናል። ከበይሉል እስከ ጎንደር በአየር መስመር 530 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኢማሙ ንጉሡ ወደ እስልምና ያዘነበለ መስሎት ነበር፤ ፋሲለደስ የፈለገው ግን በምጽዋ ያሉትን ቱርኮች የሚያልፍበት የንግድ በር ነበር። አንዱ ስለ ነፍስ፣ ሌላው ስለ ወደብ እያሰቡ ሁለቱም ደብዳቤ ተጻጻፉ፤ አል-ሐይሚ በመካከል በረሃውን ጠጣ። ልዑክነት በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ የማያውቀው ሐሳብ ተሸክሞ፣ የማይቀበለው መልስ ይዞ መመለስ።

ወደ ቀደመው ዘመን እንመለስ። በሁለተኛው ዙር የተሰደዱትን ኢብን ኢስሐቅ 83 ወንዶች አድርጎ ይቆጥራል፤ ሴቶቹ 18 ገደማ ናቸው። ሁሉም ተደምሮ መቶ አንድ ሰው። ቁረይሽ ለእነዚህ መቶ ሰዎች የመደበችው ሁለት ልዑካን ነው፤ ዐምር ኢብኑል ዓስና ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓ። ሸክማቸው የመካ ቆዳ ነበር፤ የአክሱም ንጉሥ ነጃሺ እጅግ ይወደዋል የተባለ ዕቃ። ዐምር ወደ ንጉሡ ችሎት በቀጥታ አልገባም። በመጀመሪያ እያንዳንዱን መኮንን በየቤቱ ዞሮ ለየብቻው ስጦታውን ሰጠና፣ «ነገሩ ንጉሡ ፊት ሲቀርብ እናንተ ደግፉን፤ ስደተኞቹ እንዲናገሩ ግን አይፈቀድላቸው» የሚል ሐሳብ አስጨበጠ። በዚህ ዘመን ጉዳይ አስፈጻሚ የምንለው ሥራ፣ ከ1,400 ዓመት በፊት አክሱም ውስጥ ተሟልቶ ተሠርቷል። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ የሚገርመኝ የዐምር ጥበብ ሳይሆን ንጉሡ መስማት መፈለጉ ነው።

በስደተኞቹ በኩል የቆመው የነቢዩ የአጎት ልጅ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ነበር። ማዕረግ የለው፣ ስጦታ የለው፣ የሚጽፍለት የለው። ከቁርኣን የመርየምን ምዕራፍ ቀራ። ንጉሡና ካህናቱ አለቀሱ ይላሉ ምንጮቹ። ዐምር በማግሥቱ ሌላ ወጥመድ አመጣ፤ ስለ ዒሳ ምን እንደሚሉ ጠይቃቸው አለ። ጀዕፈር መለሰ። ንጉሡም ከመሬት ትንሽ ዘንግ አንስቶ በእነሱና በእሱ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህች እንጨት አይበልጥም አለ። ከዚያም ተራራ የሚያህል ወርቅ ቢሰጠው እንኳ አንዳቸውንም እንደማያስነካ ተናግሮ ስጦታው እንዲመለስ አዘዘ። ይህን ሁሉ የነገረችን ከስደተኞቹ አንዷ የሆነችው ኡሙ ሰለማ ናት። የዚህ ችሎት ሚዛን እንግዲህ ይህ ነው፤ በአንድ በኩል ቆዳ፣ በሌላ በኩል ጥቂት የቁርኣን አንቀጾች፣ በመካከል ደግሞ ስንጥር እንጨት።

ጀዕፈር ከዚያ በኋላ ከ12 ዓመት በላይ በሐበሻ ምድር ቆየ። ከሚስቱ ከአስማ ቢንት ዑመይስ የወለዳቸው ዐብደላህ፣ ሙሐመድና ዐውን የተወለዱት እዚሁ ነው። እነዚህ ልጆች የነቢዩን ከተማ ከማወቃቸው በፊት የእኛን ደጋ ያውቁ ነበር።

አሁን ሁለተኛው ዐምር ይምጣ። ዐምር ኢብን ኡመያ አድ-ደምሪ በበድርና በኡሑድ ጦርነቶች የተዋጋው በመካ ሰዎች በኩል ነበር፤ ሰለመ የሚባለው ከኡሑድ በኋላ ነው፣ 625 ላይ። በዚያው ዓመት በቢእር መዑና የተላኩ ሙስሊሞች ተከበው አለቁ፤ አንዱ ዘገባ 40፣ ሌላው 70 ናቸው ይላል። ከሞት ከተረፉት እጅግ ጥቂቶች አንዱ እሱ ነው፤ የማረከው ሰው እናቱ አንድ ባሪያ ነጻ ላወጣ ብላ ተስላ ስለነበር፣ የግንባሩን ፀጉር ቆርጦ ለቀቀው። በመመለሻው መንገድ ላይ ከማረከው ሰው ጎሳ ሁለት ሰዎች ተኝተው አገኘና ለጓደኞቹ ደም የተበቀለ መስሎት ገደላቸው። ሁለቱ ግን ከነቢዩ የደኅንነት ቃል ኪዳን ያላቸው ነበሩ። ለአንድ ሰው የደም ካሳ በልማዱ 100 ግመል ነውና፣ የአንድ ጊዜ ስሕተት 200 ግመል የሚያስከፍል ሆነ። ነቢዩ ካሳውን ከፈሉ። ሰውየውንም ከሥራ አላባረሩትም፤ ቀጥሎ ወደ መካ ላኩት፣ የቁረይሽን መሪ አቡ ሱፍያንን እንዲገድል። አልተሳካለትም፤ ሆኖም የመካ ሰዎች በሰቀሉበት እንጨት ላይ የቀረውን የሙስሊሙን የኹበይብን አስከሬን አውርዶ አመለጠ። ለንጉሥ ደብዳቤ የሚያደርስ ሰው ሲፈለግ የተመረጠው ይህ ሰው ነው። ለስላሳ ምላስ ያለው ሰው አልተፈለገም፤ የተፈለገው ከሄደበት በሕይወት የሚመለስ ነው።

ዘመኑ 628 ነው። ከቁረይሽ ጋር በሑደይቢያ የሰላም ስምምነት ተደርጓል፤ ነቢዩም ወደ ነገሥታት ደብዳቤ ለመላክ ወሰኑ። ነገሥታት ማኅተም የሌለውን ደብዳቤ አያነቡም ስለተባለ የብር ቀለበት ተሠራ። በላዩ የተቀረጹት ሦስት ቃላት በሦስት መስመር ናቸው፤ ሙሐመድ፣ ረሱል፣ አላህ። በኢማም ሙስሊም የሐዲስ ጥራዝ ላይ የቀለበቱ ፈርጥ ከሐበሻ የመጣ እንደነበር ይነበባል። ወደ አክሱም የሄደው ደብዳቤ በሐበሻ ፈርጥ ታትሞ ሄደ ማለት ነው።

ኢብን ሰዓድ ስድስት ልዑካን በአንድ ቀን ወጡ ይላል፤ ድሕያ ወደ ቢዛንታይኑ ሕርቃል፣ ዐብደላህ ኢብን ሑዛፋ ወደ ፋርሱ ኪስራ፣ ሓጢብ ወደ ግብፁ ሙቀውቂስ፣ ሁለቱ ወደ ዐረብ ገዢዎች፣ ዐምር ወደ ነጃሺ። ከመካ ተነስቶ ሲለካ የፋርሱ ዋና ከተማ 1,375 ኪሎ ሜትር፣ እስክንድርያ ከ1,460 በላይ፣ ቁስጥንጥንያ 2,400 ገደማ ነው። አክሱም 820። ከእነዚህ አራት መዳረሻዎች ለመካ እጅግ ቅርቡ የእኛው ነበር፤ ባሕር ካልተሻገሩ የማይደረስበት ግን እሱ ብቻ ነው።

«በአንድ ቀን» የሚለው ግን አልዋጥ ብሎኛል። ያ ቀን የተባለው በሰባተኛው የሒጅራ ዓመት ሙሐረም ውስጥ ነው፤ ጀዕፈርና ባልደረቦቹ ደግሞ ነቢዩ ኸይበር የተባለውን ስፍራ በያዙበት ወቅት፣ ከአንድ ወር ብዙም በማይርቅ ጊዜ፣ ከሐበሻ ተመልሰው ደርሰዋል። ዐምር ሄዶ፣ ንጉሡን አነጋግሮ፣ ስደተኞቹን አሳፍሮ በአንድ ወር ይመለሳል? ከመዲና እስከ ጠረፉ 150 ኪሎ ሜትር፣ አምስት ቀን። ከዚያ እስከ አዱሊስ በባሕር 930 ኪሎ ሜትር፤ መርከቧ በቀን 90 ብትሄድ ዐሥር ቀን። ዳገቱ ስምንት ቀን። መሄጃው ብቻ 23 ቀን፣ ደርሶ መልሱ 46 ቀን፤ ለዚያውም ሲመለስ ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ በፊቱ ነው። ስለዚህ ዐምር ከሌሎቹ ቀድሞ፣ ከሑደይቢያ እንደተመለሱ መውጣት አለበት፤ ያን ጊዜ ሦስት ወር ገደማ ያገኛል፣ ጉዞውም ይቻላል። የታሪክ ጸሐፊዎቹ ስድስቱን ልዑካን በአንድ ጎሕ ያስወጧቸው፣ ነገሩ ሲተረክ ስለሚያምር ይመስለኛል።

አክሱም ሲደርስ ማን ቢጠብቀው ጥሩ ነው? የመጀመሪያው ዐምር፣ ኢብኑል ዓስ። ከቁረይሽ የኸንደቅ ዘመቻ ውድቀት በኋላ ነገሩ አላማረውምና ጥቂት ሰዎችና የተለመደውን የቆዳ ስጦታ ይዞ ወደ ነጃሺ መጥቶ ተጠግቶ ነበር። ታሪኩን የሚተርከው ራሱ ነው። አድ-ደምሪ ከንጉሡ ዘንድ ሲወጣ አየው፤ ገባና ይህን ሰው ስጠኝ፣ አንገቱን ልቁረጥ አለ። ንጉሡ በቁጣ የራሱን አፍንጫ በእጁ መታ፤ የሰበረው መሰለኝ ይላል ዐምር። ቀጥሎም ንጉሡ ስለ ነቢዩ መሰከረለትና፣ ቀድሞ የቁረይሽ ልዑክ ሆኖ የመጣው ሰው አክሱም ላይ ልቡ ተሸነፈ። በ629 መዲና ገብቶ ሰለመ። ከ10 ዓመት ብዙም ሳይርቅ 4,000 ገደማ ሰው ይዞ ግብፅን ለመያዝ የዘመተው እሱ ነው።

ዐምር ኢብን ኡመያ ከደብዳቤው ጋር ሌላም ጉዳይ ነበረው። የአቡ ሱፍያን ልጅ ኡሙ ሐቢባ በስደት ሳለች ባሏ ሞቶባት ነበር፤ ነቢዩም ሊያገቧት ፈለጉ። ነጃሺ ወኪል ሆኖ ኒካሑን አሰረ፤ መህሩንም (ጥሎሹን) ከራሱ ግምጃ ቤት 400 ዲናር ከፈለ። ይህ ቁጥር ቆም ብለው ሊያዩት የሚገባ ነው። የነቢዩ ሚስቶች መህር በአብዛኛው 500 ድርሀም እንደነበር ዓኢሻ ተናግራለች። አንድ ዲናር በዐሥር ድርሀም ቢታሰብ የኡሙ ሐቢባ መህር 4,000 ድርሀም ነው፤ የሌሎቹን ስምንት እጥፍ። በክብደት ሲታሰብ 1.8 ኪሎ ወርቅ ይሆናል። የአክሱም የወርቅ ገንዘብ ትንሽ ነው፣ ከ1.6 ግራም ብዙም አይርቅም፤ በእሱ ቢከፈል ከ1,100 በላይ ሳንቲም መቆጠር ነበረበት። በዚያ ዘመን ደግሞ አክሱም የወርቅ ገንዘብ ማተሟ እየቀረ ነበር። የምሥራቹን የነገረቻት የንጉሡ አገልጋይ አብረሃ ትባላለች፤ ኡሙ ሐቢባ ከመህሩ 50 ሚስቃል ልትሰጣት ብትሞክር ንጉሡ ከእሷ አንዳች እንዳልቀበል አዞኛል ብላ መለሰች።

ንጉሡ ሁለት መርከብ አዘጋጀ። በጀዕፈር ቡድን ኢብን ኢስሐቅ የሚዘረዝራቸው ወንዶች 16 ናቸው። ነፋስ ገፍቶ ወደ ሐበሻ ያመጣቸው ከ50 በላይ የመናውያንም አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪን ይዘው አብረው ሄዱ። ከመርከብ ወርደው ነቢዩን ያገኙት በኸይበር ነው። ባሕሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ቸር አልነበረም። ጠበሪ በዘገበው መሠረት ነጃሺ ልጁን ከ60 ሐበሾች ጋር በመርከብ ወደ ነቢዩ ልኮት ነበር፤ መርከቧ ባሕር መካከል ሰጠመች፣ አንድም አልተረፈም። ዘገባው እውነት ከሆነ፣ ከእኛ ወገን የተላከው ትልቁ የልዑካን ቡድን ከቀይ ባሕር ወለል ላይ ቀርቷል።

ልዑክ አይገደልም የሚለው ደንብ በዚያ ዘመን በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነበር። ከነቢዩ ልዑካን መካከል ግን ሓሪስ ኢብን ዑመይር የቡስራ ገዢ ዘንድ ደብዳቤ ይዞ ሲሄድ፣ ሹረሕቢል የተባለ የገሳን አለቃ ይዞ አንገቱን አስቀላው። ለአንድ ሰው ደም 3,000 ሰው ዘመተ። በሙእታ፣ ከመዲና 830 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ 629 ላይ ተዋጉ። ኢብን ኢስሐቅ ጠላት 200,000 ነበር ይላል፤ በስም የሚጠቅሳቸው የሙስሊም ሙታን ግን ከዐሥር አይዘሉም። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የትኛውን እንደሚያምን ግልጽ ነው። ከነዚያ ጥቂት ሙታን አንዱ ጀዕፈር ነው። ከሐበሻ ከተመለሰ ገና 15 ወር ገደማው። ኢብን ዑመር አስከሬኑን ሲያገኝ አንዱ ዘገባ 50፣ ሌላው ከ90 በላይ ቁስል ቆጠረ ይላል፤ በጀርባው ላይ አንድም የለም። በአክሱም ችሎት ለመቶ ሰው ሕይወት የተናገረው ሰው በልዑክ ደም በተነሳ ጦርነት አለቀ።

በ630 ነጃሺ አረፈ። ነቢዩ መሞቱን በዚያው ቀን ለሰሐቦቻቸው ነገሯቸው፣ አሰልፈውም አራት ተክቢራ አድርገው በሩቁ ሰገዱለት፤ በቡኻሪም በሙስሊምም የሐዲስ ጥራዝ ተመዝግቧል። በመዲናና በአክሱም መካከል 1,150 ኪሎ ሜትር አለ። በእግርና በመርከብ የሚመጣ መልእክተኛ፣ ቀደም ብለን እንዳሰላነው፣ 23 ቀን ይፈጅበት ነበር።

ሁለቱ ዐምሮች ከዚያ በኋላ ተለያዩ። ኢብኑል ዓስ ፉስጣጥን ቆረቆረ፤ ከተማዋ ዛሬ በካይሮ ውስጥ ናት። በ664 ግብፅን እየገዛ ሞተ፤ ስለ እሱ የተጻፈው ጥራዝ ይሞላል። አድ-ደምሪ መዲና ተቀምጦ በሙዓዊያ ዘመን አረፈ። በቡኻሪ ከእሱ የተዘገቡት ሐዲሶች ስለ ንጉሥም ስለ ባሕርም አይደሉም። አንዱ ነቢዩ በጥምጣማቸውና በቆዳ ጫማቸው ላይ ሲያብሱ ማየቱን፣ ሌላው ደግሞ የበግ ወርች በቢላ እየቆረጡ ሳሉ ወደ ሶላት ተጠርተው ዳግም ውዱእ ሳያደርጉ መስገዳቸውን ይናገራል። ሁለቱንም ከአባቱ ሰምቶ ያስተላለፈው ልጁ ነው፤ ስሙም ጀዕፈር ይባላል።